የእንጦጦው ሬዲዮና የደከመው አምፖል

ከእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ፣ በሳሎኑ ጥግ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ የእንጨት ሬዲዮ አለ። የቤቱ ባለቤት አዛውንት የገዙት የቴሌቪዥን ሥርጭት በአገራችን ከተጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ድምፁ ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ጆሮ አስጠግቶ ካልሆነ የማይሰማ ሆነ። የፊዚክስ ተማሪ የሆነው የልጅ ልጃቸው፣ «አባባ፣ መቼም አይሠራም፤ ከውስጡ አንዱን አምፖል ላውጣና የሚበራ ጌጥ ልሥራበት?» ሲላቸው፣ «አውጥተህ ስታበቃ ሬዲዮዬ ምን ይሆናል?» አሉት። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ወደዚያ ግቢ የተጠራው ይህን ክርክር እንዲዳኝ ነበር።

ለመሆኑ ይህ አምፖል ምንድን ነው? በሳይንሱ ዓለም ቫኪዩም ቲዩብ፣ በእንግሊዞች አጠራር ደግሞ ቫልቭ ይባላል። አየሩ ተመጥጦ በወጣለት መስታወት ውስጥ አንድ ብረት ሲግል ኤሌክትሮኖች ከገጹ ላይ እየተነኑ ይወጣሉ። ፊት ለፊቱ አወንታዊ ቮልቴጅ ያለው ሌላ ብረት ካለ ይስባቸዋል፤ ኮረንቲም በባዶው ውስጥ ይፈስሳል። የሚሞቀው ካቶድ፣ የሚስበው አኖድ ይባላል። አኖዱ ስላልጋለ ኤሌክትሮን ወደ ኋላ አይመልስም። በመሆኑም መንገዱ የአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ ይህን ባሕርይ ለሬዲዮ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1904 ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በመካከላቸው ሦስተኛ አካል፣ ማለትም ግሪድ፣ አስገባ። በግሪዱ ላይ የሚደረግ ጥቂት የቮልቴጅ ለውጥ ብዙ ኤሌክትሮን ይገድባል ወይም ይለቅቃል፤ ደካማ ምልክት የሚጎላውም በዚህ ነው። በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ከአቃቂ ጣቢያ የተላለፈው ድምፅም፣ በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ድምፅም በእነዚህ መስታወቶች ውስጥ ያለፈ ነው። ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 ቢፈለሰፍም አምፖሉን ከየቤቱ ለማስወጣት ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። በነገራችን ላይ ጨርሶም አልወጣም፤ የማይክሮዌቭ ምድጃ ልብና የሆስፒታሉ የራጅ መሣሪያ ዛሬም ቫኪዩም ቲዩብ ናቸው።

አሁን ወደ እንጦጦ እንመለስ። በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ውኃ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይሞላው የሚፈላውና ባቄላ አልበስል እያለ ባልቴቶችን የሚያማርረውም ለዚሁ ነው። ሆኖም ይህ ስስ የተባለ አየር እንኳ በአምፖሉ መስታወት ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 700 ግራም ያህል ክብደት ይጭናል። በውስጥ ያለው ግፊት ግን ከውጭው አንድ መቶ ሚሊዮንኛ እንኳ አይሞላም። አምፖሉ ሲሰበር የሚፈነዳ የሚመስለውም አየር በኃይል ወደ ውስጥ ስለሚገባ ነው።

ይህን ባዶነት የሚጠብቅ ዘበኛም አለው። በአብዛኞቹ አምፖሎች አናት ላይ ከውስጥ በኩል እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ የብር ቀለም ያለው ልባጥ ይታያል። ይህ ባሪየም የተባለ ማዕድን ሲሆን፣ በፋብሪካ ያመለጠውንም ሆነ በኋላ ሾልኮ የሚገባውን ጋዝ እያጠመደ ያስቀራል። ልባጩ ጥርት ብሎ ካለ ባዶው አልተነካም። እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ግን አየር ገብቶ ባሪየሙን በልቶታል።

ጌጥ ለመሥራት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚስተውም ይህንኑ ነው። ብዙዎች «የሞተውን አምፖል እናብራው» ይላሉ። ነገር ግን አየር የገባበት አምፖል የማሞቂያ ሽቦው ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ወዲያው ይቃጠላል። በአንጻሩ ደህናውን ነቅሎ ለጌጥ ማዋል ሬዲዮን መግደል ነው። የሚፈለገው ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ ባዶው ያልተነካ፣ ሽቦው ያልተበጠሰ፣ የካቶዱ ልባጥ ግን አርጅቶ በቂ ኤሌክትሮን መስጠት ያቃተው። ለድምፅ አይሆንም፣ ለብርሃን ግን አንዳች አይጎድለውም።

እንዲህ ያለው በአዛውንቱ ሬዲዮ ውስጥ ይኖር ይሆን? ክርክሩ በዚህ ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ።

ከመክፈታችን በፊት ሶኬቱን ነቀልን፤ እንዲያም ሆኖ አልቸኮልንም። በእንዲህ ዓይነት ሬዲዮ ውስጥ ከ250 ቮልት በላይ የሚደርስ ቀጥተኛ ቮልቴጅ አለ፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ደግሞ መብራት ከተቋረጠ በኋላም ይዘውት ሊቆዩ ይችላሉ። በጠመንጃ መፍቻ አገናኝቶ ብልጭ ማድረግ የጀብደኛ ሥራ ነው። በ10 ሺህ ኦም ሬዚስተር ቀስ ብሎ ማፍሰስና ዜሮ መድረሱን በቴስተር ማረጋገጥ ይገባል። ይህን አይቶ የማያውቅ ተማሪ ብቻውን ክዳኑን እንዳይነካ አጥብቀን እንመክራለን።

የአምስቱም አምፖሎች ልባጥ እንደ ብር ያበራ ነበር። ተማሪው ፊቱ ጠቆረ፤ አያቱ ፈገግ አሉ። በማግስቱ ግን አንድ የመርካቶ ሬዲዮ ጠጋኝ ያገለገለ፣ ሆኖም ብርቱ የሆነ ኢ ኤል 84 ይዞ መጣ። ይህ የድምፅ ማጉያው የመጨረሻ አምፖል ነው። ከመቀየሩ በፊት ጠጋኙ አንዲት ትንሽ ካፓሲተር ቆርጦ ጣለ። ለካ እርሷ ኮረንቲ እያሾለከች የግሪዱን ቮልቴጅ ስታዛባ፣ አምፖሉ ከአቅሙ በላይ እየሠራ ያለ ጊዜው አርጅቶ ኖሯል። እርሷን ሳይለውጥ አዲስ አምፖል ቢሰካ ያም በተራው ይደክም ነበር። ሁለቱም ተተክተው ሬዲዮው ሲከፈት ሃያ ሰከንድ ያህል ዝም አለ፤ ከዚያ የጋዜጠኛ ድምፅ ቤቱን ሞላው። አዛውንቱ ድምፁን ቀነስ አደረጉና የወጣውን አምፖል ለልጅ ልጃቸው አቀበሉት።

የጌጡ ሥራ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። በአውሮፓ አሰያየም የመጀመሪያው ፊደል «ኢ» ከሆነ ማሞቂያው የሚፈልገው 6.3 ቮልት ነው። ዘጠኝ እግር ባላቸው በአብዛኞቹ የዚህ ወገን አምፖሎች፣ ከሥር ሲታዩ ከሰፊው ክፍተት ጀምሮ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ 4ኛውና 5ኛው እግር የማሞቂያው ናቸው። ኢ ሲ ሲ 83 ግን ይለያል፤ በእነዚያ እግሮች መካከል 12.6 ቮልት ይፈልጋል። ተማሪያችን በሁለቱ እግሮች መካከል በቴስተር ሲለካ ከ2 ኦም በታች አገኘ። «ተያይዟል ማለት ነው?» ብሎ ደነገጠ። አልተያያዘም፤ የተንግስተን ሽቦ ሲቀዘቅዝ የኮረንቲ ተቃውሞው አነስተኛ ነው። ሲግል ግን 6.3 ቮልት ለ0.76 አምፒር ሲካፈል እንደሚገኘው ወደ 8 ኦም ያድጋል። ስለዚህ በመጀመሪያዋ ቅጽበት የሚስበው ኮረንቲ ብዙ ነው። የስልክ ቻርጀር ይህን አይቶ ራሱን ሊያጠፋ ስለሚችል የ1 ኦም፣ የ2 ዋት ሬዚስተር በመንገዱ ላይ ማስገባት ይረዳል። ቻርጀሩ የሚሰጠው 5 ቮልት ብርሃኑን ጥቂት ያደበዝዘዋል፣ ዕድሜውን ግን ያረዝመዋል። አራት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ በተከታታይ ቢያያዙ ደግሞ 6 ቮልት ይሰጣሉ። በቀጥታ ከግድግዳው 220 ቮልት ጋር ማገናኘት ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ለመቆሚያው ተማሪው መጀመሪያ ከግቢው የባሕር ዛፍ ግንድ ቆርጦ ነበር። እርጥብ ስለ ነበር በሳምንቱ ተሰነጠቀ፤ የእንጦጦ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እርሱም አወቀ። በሁለተኛው ሙከራ ደረቅ የወይራ ቁራጭ ፈልጎ አምፖሉ የሚቆምበትን መሰኪያ በላዩ ላይ አሰረ፤ ሽቦዎቹንም በካውያ በየደ። አምፖሉ ስለሚሞቅ ዳንቴሉን ከአጠገቡ ማራቅ አስፈልጓል።

ብርሃኑ ምን ይመስላል? ካቶዱ 750 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚደርስ ቀለሙ የቡና ማፍያ ፍም ነው፤ ሁለቱም በተቀራራቢ ሙቀት የሚግሉ ናቸውና። የተለመደው የቤት አምፖል ነጣ ብሎ የሚታየው ሽቦው 2,500 ዲግሪ ያህል ስለሚግል ነው። አንዳንዶች ከሥሩ ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ እየከተቱ «ያሳምሩታል»። ልባጩ ለነጣ፣ በራሱ መብራት ለማይችል አምፖል ሌላ መንገድ የለምና እንቀበለው ይሆናል። የራሱ ፍም ላለው ግን ሜካፕ ነው።

በዚያ ሰሞን አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። ሬዲዮው ዝም ሲል አዛውንቱ «ጌጥህን አምጣው» አሉ። ተማሪው አራቱን የባትሪ ድንጋይ አገናኘ፤ አምፖሉ ጥቂት ዘግይቶ መቅላት ጀመረ። ለማንበብ አይበቃም። አያትየው ግን መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና፣ በብረቱ ቀዳዳ በኩል የሚታየውን ቀይ ነጥብ እያዩ፣ «ሐምሳ ዓመት ሙሉ ከጀርባው ይህ ነበር?» ብለው ጠየቁ።