ወደ አሩሻው ችሎት የሚያስገባው ፊርማ

ሉዓላዊነት ማለት አንድ መንግሥት በግዛቱ ውስጥ የመጨረሻው ሥልጣን ባለቤት ነው፤ ከውጭ የሚያዘው የለም ማለት ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቻርተሩ በአባል አገራት የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ መግባትን ከለከለ። አብዛኞቹ አባላት ከቅኝ አገዛዝ ገና መላቀቃቸው ስለነበር ክልከላው የሚጠበቅ ነበር። ይሁንና አንድ መንግሥት የራሱን ዜጎች ሲያሥርና ሲገድል ሌሎቹ ዝም እንዲሉም ሰበብ ሆነ። ኢዲ አሚን በኡጋንዳ ሕዝብ ላይ ግፍ በሚፈጽምበት በ1975 የድርጅቱ ሊቀ መንበር ሆኗል።

የመጀመሪያው እርምት በ1981 የጸደቀው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ነው። አፈጻጸሙን የሚከታተለው ኮሚሽን መቀመጫው ባንጁል ሲሆን፣ ውሳኔው በምክረ ሐሳብ መልክ የሚቀርብ በመሆኑ መንግሥታት በቀላሉ ይተዉት ነበር። ስለዚህ በ1998 ዋጋዱጉ ላይ ሌላ ስምምነት፣ ማለትም ፕሮቶኮል፣ ጸድቆ አስገዳጅ ውሳኔ የሚሰጥ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። ፕሮቶኮሉ ሥራ ላይ የዋለው በ2004 ነው፤ 11 ዳኞች ያሉት ፍርድ ቤት ዛሬ የሚያስችለው በታንዛኒያዋ አሩሻ ነው።

ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በሁለት ደረጃ በሚሰጥ የመንግሥት ፈቃድ ነው። አንድ አገር ፕሮቶኮሉን ሲያጸድቅ ኮሚሽኑ ሊከሰው ይችላል፤ በተወሰኑ ሁኔታዎች ሌላ መንግሥትም እንዲሁ። መንግሥት መንግሥትን ስለ ዜጎች መብት የሚከስበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ተበዳዩ ራሱ አቤት እንዲል ደግሞ የፕሮቶኮሉ አንቀጽ 34(6) የተለየ መግለጫ ይጠይቃል፤ መንግሥት “ግለሰቦችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች በቀጥታ ይክሰሱኝ” ብሎ በጽሑፍ መፍቀድ አለበት። ፕሮቶኮሉን ያጸደቁት ከ30 በላይ ሲሆኑ፣ ይህን መግለጫ የሰጡት ከአፍሪካ ኅብረት 55 አባላት ሩብ እንኳ አይሞሉም። ፍርድ ቤቱ በ2009 የሰጠው የመጀመሪያ ፍርድም ይህንኑ ያሳያል፤ አንድ የቻድ ተወላጅ በሴኔጋል ላይ ያቀረበው ክስ ፍሬ ነገሩ ሳይመረመር የተዘጋው ሴኔጋል መግለጫውን ስላልሰጠች ነው።

በሩ ሲከፈትስ? ቡርኪና ፋሶ መግለጫውን ሰጥታ ነበር። ጋዜጠኛው ሎሄ ኢሳ ኮናቴ አንድን ዐቃቤ ሕግ በሙስና የሚወነጅሉ ጽሑፎች በማውጣቱ 12 ወራት እስራትና ከባድ የገንዘብ ቅጣት ተፈረደበት፤ ጋዜጣውም ታገደ። የአሩሻው ፍርድ ቤት በ2014 ለስም ማጥፋት እስራት መፍረድ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይጥሳል አለ። ቡርኪና ፋሶ ከዚያ በኋላ ሕጓን አሻሻለች። ፍርድ ቤቱ የራሱ ፖሊስም ሆነ ሕግ አውጪ የለውም፤ ፍርዱን ሕግ ያደረገው የአገሩ ሉዓላዊ ሥልጣን ነው።

ያው ሥልጣን የሰጠውን ፈቃድ መልሶ መውሰድም ይችላል። ሩዋንዳ በ2016፣ የፍርድ ቤቱ አስተናጋጅ ታንዛኒያ በ2019፣ ቤኒንና ኮትዲቯር በ2020 መግለጫቸውን አንሥተዋል። ኮትዲቯር ይህን ያደረገችው ፍርድ ቤቱ በቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር በጊዮም ሶሮ ላይ የወጣው የእስር ማዘዣ ለጊዜው እንዲታገድ ባዘዘ በቀናት ውስጥ ሲሆን፣ ያቀረበችው ምክንያትም ሉዓላዊነቴ ተነክቷል የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ ማድረግ የቻለው ጉዳቱን መቀነስ ብቻ ነው፤ በሩዋንዳ ጉዳይ መግለጫን ማንሣት የሚጸናው ከአንድ ዓመት በኋላ እንደሆነና የተጀመሩ መዝገቦችን እንደማይዘጋ ወስኗል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ድምዳሜ ሉዓላዊነት በራሱ የመብት ጠላት አለመሆኑ ነው። ቃሉን የገባውም፣ ፍርዱን የሚፈጽመውም እሱ ነው። ችግሩ የሚከሰሰው አካል መከሰስ አለመከሰሱን ራሱ የሚወስን መሆኑ ነው፤ “አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ” እንደሚባለው። ስለዚህ አንድ መንግሥት ለሰብዓዊ መብት ያለው ቁርጠኝነት መለካት ያለበት በፈረማቸው ቻርተሮች ብዛት ሳይሆን ዜጋው እንዲከሰው በመፍቀዱ ነው።

ኢትዮጵያ ቻርተሩን በ1998 ተቀብላለች፤ ፕሮቶኮሉን በዚያው ዓመት ፈረመች እንጂ አላጸደቀችም። በአገር ውስጥ ፍርድ ቤቶች ተከራክሮ የጨረሰ ኢትዮጵያዊ ለባንጁሉ ኮሚሽን ማመልከት ይችላል፤ መንግሥቱን አሩሻ ላይ መክሰስ ግን አይችልም።