የበይነ መረብ ምንጮችና የታሪክ ትምህርት፦ «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» እንደ ማሳያ

የኢትዮጵያን ሙስሊሞች የመካከለኛ ዘመን ታሪክ በኮሌጅ ደረጃ የሚያስተምር መምህር ቀደም ሲል ዋነኛ መመሪያው ሁለተኛ ደረጃ ጥናት ነበር። የስፔንሰር ትሪሚንግሃምን የ1952 ሥራ፣ የታደሰ ታምራትን የ1972 መጽሐፍ፣ ኋላም ሑሴን አሕመድ ስለ ወሎ እስልምና በ2001 ያሳተሙትን ጥናት ይዞ ያስተምራል፤ ተማሪው ግን እነዚህ ሊቃውንት የተመረኮዙባቸውን ኪታቦች በዓይኑ ሳያይ ይመረቃል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተገለጸ በቀር እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ከእነዚያ ኪታቦች ብዙዎቹ በስልክ ይነበባሉ። ዋናው ምንጭ ወደ ክፍል ከገባ ዘንድ፣ ተማሪው ያገኘው ጽሑፍ ከየት እንደ መጣና በማን እጅ እንዳለፈ መጠየቅን መማር ይኖርበታል። ይህን በአንድ ኪታብ ለማሳየት እንሞክራለን።

«ፉቱሕ አል-ሐበሻ» ዐረብ ፈቂህ በመባል የሚታወቁት ሺሃቡዲን አሕመድ ቢን ዐብዱልቃዲር ስለ ኢማም አሕመድ ቢን ኢብራሂም ዘመቻዎች የጻፉት ኪታብ ነው። ረኔ ባሴ የዐረብኛውን ንባብ በ1897 በፓሪስ አሳትሟል፤ የፖል ስቴንሃውስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ደግሞ በ2003 ወጥቷል። የባሴ ሥራ የቅጂ መብት ዘመኑ ያለፈ በመሆኑ ማንም ሊያነበው ይችላል፤ የ2003ቱ ትርጉም ግን መብቱ የተጠበቀ ነው። መምህሩ ይህን ልዩነት ከወዲሁ ለተማሪዎቹ ሊያስረዳ ይገባል።

እንዲህ ያለ ኪታብ በበይነ መረብ የሚገኘው በሁለት መልክ ነው። አንደኛው የታተመው ገጽ ፎቶ ሲሆን ኢንተርኔት አርካይቭና የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋሊካ የሚያቀርቡት በአብዛኛው እንዲህ ያለውን ነው። ሁለተኛው ከታተመ እትም እንደገና በፊደል የተለቀመ ጽሑፍ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የዐረብኛ ኪታቦችን የያዘው አል-መክተባ አሽ-ሻሚላ የዚህ ዓይነት ነው። የተለቀመው ጽሑፍ ለፍለጋ እጅግ ያመቻል፤ አንድ የቦታ ስም በኪታቡ ውስጥ የት የት እንደ ተነሣ በቅጽበት ያሳያል። ሆኖም የእትሙ አዘጋጅ የእጅ ጽሑፎችን ልዩነት ያሰፈረባቸው የግርጌ ማስታወሻዎች በለቀማ ጊዜ ሊቀሩ ይችላሉ፤ የለቃሚው ስሕተትም ይጨመርበታል።

ይህ ችግር በአገራችን ታሪክ ላይ ይከብዳል። በዐረብኛ ባ፣ ታ፣ ሣ፣ ኑንና ያ በቃል መካከል ሲጻፉ የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ነው፤ «ጨ»ን፣ «ጰ»ንና «ኘ»ን የመሳሰሉ ድምፆች ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ ፊደላት የሏቸውም። ስለዚህ የአንድ የኢትዮጵያ መንደር ስም በዐረብኛ ሲጻፍ ከመነሻው አሻሚ ነው። በለቀማ ጊዜ አንዲት ነጥብ ብትወድቅ ሠራዊቱ ከአንድ አውራጃ ወደ ሌላው ሊዛወር ይችላል። የዐረብኛ ቃላትን የሚያውቅ አንባቢ በሌላ ቦታ እንዲህ ያለውን ግድፈት በዐውዱ ያርመዋል፤ የማያውቀውን የቦታ ስም ግን በምን ያርመዋል?

መፍትሔው በመድረሳችን ወግ ውስጥ አለ። ኪታብ የገለበጠ ደረሳ ቅጂውን ከዋናው ጋር ቃል በቃል ያመሳክራል፤ ይህም ሙቃበላ ይባላል። ማመሳከሩ የት እንደ ደረሰ በኅዳጉ ላይ «በለገ» ብሎ ምልክት ማድረግም የቆየ ልማድ ነው። ያልተመሳከረ ቅጂ ማስረጃ ለመሆን አይበቃም። እኛም የዲጂታሉን ቅጂ በዚሁ ሚዛን እንድንመዝነው እንመክራለን፦ ከየትኛው እትም ተቀዳ? ማን ቀዳው? ከዋናው ጋር ተመሳክሯል? በሻሚላ ውስጥ የእያንዳንዱ ኪታብ መግለጫ እትሙን ይጠቅሳል፤ የገጹ ቁጥር ከታተመው ጋር የሚስማማ መሆን አለመሆኑንም ይናገራል። ተማሪው ንባቡን ከዚህ መግለጫ ይጀምር። በተለቀመው ጽሑፍ ይፈልግ፤ የሚጠቅሰውን ግን ከገጹ ፎቶ አይቶ ይጥቀስ።

ለክፍል ሥራ የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ያመቻል። ጦርነቱ የተካሄደው በ935 ዓመተ ሂጅራ፣ በማርች 1529፣ በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት 1521 ዓ.ም. ነው። 935 ሂጅራ በሴፕቴምበር 1528 ገብቶ በሴፕቴምበር 1529 የወጣ ዓመት በመሆኑ፣ ወሩን ሳያይ በመቀየሪያ ፕሮግራም ዓመቱን ብቻ የሚለውጥ ተማሪ በአንድ ዓመት ሊሳሳት ይችላል። ይህን በእጁ ሲደርስበት ቁጥርም መመርመር እንዳለበት ይረዳል።

ቀጥሎ ተማሪዎቹ ኢማሙ በ1543 በወይና ደጋ ስለ መውደቃቸው «ፉቱሕ» ምን እንደሚል ይጠየቁ። መልሱ «ምንም» ነው፤ ለእኛ የደረሰው የኪታቡ የመጀመሪያ ክፍል ሲሆን ትረካው የሚያበቃው በ1535 ገደማ ነውና። ስለ ፍጻሜው የሚናገሩት ኮንዘልማን በ1895 በፓሪስ ያሳተመው የዐፄ ገላውዴዎስ ዜና መዋዕልና በ1564 የታተመው የፖርቱጋላዊው ወታደር የካስታንዮሶ ትረካ ናቸው፤ የኋለኛው በ1902 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል። ሁለቱም ከአሸናፊዎቹ ወገን የተጻፉ በመሆናቸው «ፉቱሕ» የተጠየቀውን ጥያቄ ሁሉ እነርሱም ይጠየቃሉ። የዚያ ዘመን ታሪክ ዛሬም ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያነታርክ ነው። አንድ ኪታብ የት እንደሚያበቃ የሚያውቅ ተማሪ፣ በኪታቡ ስም የሚነዛውን ያልተባለ ነገር ለመቀበልም ሆነ ለማሠራጨት አይቸኩልም።

ሁለት ማሳሰቢያዎች እንጨምራለን። አንደኛ፣ በበይነ መረብ ያለ ነገር ሁልጊዜ አይገኝም። በኦክቶበር 2023 ብሪቲሽ ላይብረሪ በደረሰበት የኮምፒውተር ጥቃት ዲጂታል የእጅ ጽሑፎቹን ለወራት ማንበብ አልተቻለም። ስለዚህ ኮሌጆች ለትምህርት የተፈቀደውን ቅጂ አውርደው፣ የመጣበትን እትምና አድራሻ ጽፈው፣ በራሳቸው ኮምፒውተር ሊያስቀምጡ ይገባል። ኔትወርክ በተቋረጠ ቀን ትምህርቱ የማይቋረጠው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሁለተኛ፣ በበይነ መረብ ያልተገኘ ኪታብ የለም ማለት አይደለም። በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ በአሌሳንድሮ ጎሪ መሪነት የተካሄደው የአፍሪካ ቀንድ እስላማዊ ሥነ ጽሑፍ ጥናት ብዙ የእጅ ጽሑፎችን መዝግቧል፤ በሐረርና በወሎ ቤቶች ሣጥን ውስጥ ገና ያልተነኩ ግን አሉ። ተማሪው በስክሪን ላይ ማመሳከርን የሚለማመደው፣ አንድ ቀን በመንደሩ ሸይኽ ቤት የሚያገኘውን ኪታብ በአደብ ገልጦ፣ በአግባቡ መዝግቦ ለተከታዩ ትውልድ እንዲያስተላልፍ ጭምር ነው።