«ኤግዚጀንሲ» ምን ማለት ነው?

«ኤግዚጀንሲ» በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ የሚያጋጥመን የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ምንጩ ላቲን ሲሆን፣ ሥሩ አጥብቆ መጠየቅን ያመለክታል። ትርጉሙ ጊዜ የማይሰጥ፣ ግድ የሚል ችግር ማለት ነው። ብዙዎቻችን ከ«ኢመርጀንሲ» ጋር እናምታታዋለን። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቅዳሜ ሹር ዕለት፣ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ጦርነቱ ኢመርጀንሲ ነው፤ ከቤት መውጣት ያቃተው ሰው ውሃና መድኃኒት ማጣቱ ግን ኤግዚጀንሲ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የግዥ ደንብ እውነተኛ ኤግዚጀንሲ ሲኖር መደበኛው ጨረታ እንዲቀር ይፈቅዳል፤ በዕቅድ ጉድለት የመጣ ጥድፊያ ግን አይቆጠርም። ስለዚህ ማመልከቻ ስትጽፉ «ጉዳዬ አስቸኳይ ነው» ብቻ አትበሉ (ይህንንማ ሁሉም ይላል)። ለምሳሌ የልጃችሁ ኢንሱሊን ለስንት ቀን እንደሚበቃና ሲያልቅ ምን እንደሚደርስበት ጻፉ።