ሶዶ ላይ ዳር ቆሞ መዘገብ

ጋዜጠኛ ወገን አይለይም ይባላል። ወላይታ ሶዶ ላይ ግን የከተማው ትልቅ ዜና የዘጋቢውም የራሱ ጉዳይ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተቀላቅለው “ወጋጎዳ” በሚል ስም በመማሪያ መጻሕፍት ሲመጡ ሶዶ በተቃውሞ ተናወጠች። ሰሜን ኦሞ ዞን ፈርሶ ወላይታ የራሱን ዞን ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው። ታኅሣሥ 2011 የዞኑ ምክር ቤት ደግሞ የክልልነት ጥያቄን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47 በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደራጅ ቢልም፣ ዓመቱ እንዲሁ አለፈ።

እንዲህ ባለ ጊዜ አድማጭ ከአገሩ ሬዲዮ ጥብቅና ይጠብቃል። መንግሥት በበኩሉ “ልማታዊ ጋዜጠኝነት” የሚለውን ስም መጥራት ቢቀንስም ልማዱን አልተወም። ነሐሴ 3 ቀን 2012 በክልልነት ጥያቄው ሳቢያ የዞኑ አመራሮች ታሰሩ፤ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ፤ ሰዎች በጥይት ሞቱ። ዎጌታ ኤፍ ኤም 96.6 ሬዲዮም በዚያው ሰሞን ተዘጋ። ባልደረቦቹ ራሳቸውን ታዛቢ ይበሉ ጠበቃ፣ ጣቢያው የተቆጠረው እንደ አንድ ተከራካሪ ወገን ነው። ይህ የሆነው አገሪቱ እስር ቤት ውስጥ ጋዜጠኛ የላትም ተብላ ከተመሰገነች ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነው።

ጀርመናዊው ተመራማሪ ቶማስ ሃኒች የበርካታ አገሮችን ጋዜጠኞች ጠይቆ በአራት መድቧቸዋል፦ አድማጭ ተከታይ፣ ገለልተኛ ተቆጣጣሪ፣ የለውጥ አራማጅ፣ የመንግሥት አጋዥ። ክፍፍሉ ጠቃሚ ነው። እኔ ግን የዞን ከተማ ዘጋቢ በአንድ ሳምንት አራቱንም ሲሆን ይታየኛል፤ ሰኞ የኮሚዩኒኬሽን ቢሮ በጠራው ጉብኝት አበል ተቀብሎ የሚዘግብ ሰው፣ ዓርብ የውሃ እጦት ያማረራቸውን እናቶች ሊያነጋግር ይችላል።

ሕዝበ ውሳኔው፣ ለወላይታ ብቻ ሳይሆን ከሌሎች ዞኖች ጋር የጋራ ክልል ለመመሥረት፣ ጥር 29 ቀን 2015 ተካሄደ። የወላይታው በሕግ ጥሰት ተሰርዞ ሰኔ 12 ተደገመ፤ ነሐሴ ላይም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የአስተዳደር መቀመጫው ሆነች። ከዚህ በኋላ የዘጋቢው ሥራ የቀለለ አይመስለኝም። ድሮ የሚጠየቀው ባለሥልጣን በቀድሞው ክልል መቀመጫ ሐዋሳ ነበር፤ ዛሬ ጎረቤት ነው። በ2016 የዞኑ መምህራን ደመወዝ ሲቋረጥ፣ የመንግሥት ጣቢያ ዘጋቢ የራሱ ደመወዝም የሚመጣው ከመንግሥት ካዝና ነበር። የመምህራኑን ምሬት ከራሳቸው አንደበት ካሰሙት መካከል የዶይቼ ቬለ የአማርኛው ክፍል ይገኝበታል።