ጥርስ ሳይታመም ይጠበቃል



ውድ አንባብያን፣ ሃምሳ አምስቱን ቀናት በጾምና በጸሎት አሳልፈን፣ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ቆይተን በዶሮ ጩኸት ወደ ቤታችን ስንመለስ የሚጠብቀን ማዕድ ብዙ የታሰበበት ነው። የበጉ ዋጋ አስቀድሞ ተጠይቋል፤ ቅቤው ተነጥሯል፤ ጠላው ተጠምቋል፤ ለልጆችም አዲስ ልብስ ተገዝቷል። ያን ሁሉ መብል አድቅቆ ወደ ሆድ ስለሚያስተላልፈው ስለ ጥርስ ግን ያሰበ ቤተሰብ እምብዛም አይገኝም። ጥርስ የሚታወሰው በበዓሉ እኩለ ሌሊት ላይ መጠዝጠዝ ሲጀምር ነው። በዚያን ሰዓት ደግሞ ሐኪሙም እንደ እኛው በዓል ላይ ነው።

አባቶቻችን ለጥርስ የሰጡት ስፍራ ከፍ ያለ መሆኑን ቋንቋችን ይመሰክራል። ውበትን ሲያደንቁ «ጥርሰ በረዶ» ይላሉ፤ ፍንጭት የቁንጅና ምልክት ሆኖ ይወደሳል። ሰው ረጅም ዘመን የኖረበትን ሙያ «ጥርሱን የነቀለበት ነው» ይላሉ፤ ቂም የተያዘበትን ሰው ደግሞ «ጥርስ ውስጥ ገባ» ይሉታል። ለመሆኑ በቃል ይህን ያህል የምናከብረውን አካል በተግባር የምንጠብቀው እንዴት ነው? በዛሬው የበዓል ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ጉደር እናመራለን።

ጉደር ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ፣ ሆለታንና ጊንጪን አልፎ አምቦ ከተደረሰ በኋላ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የምዕራብ ሸዋ ከተማ ናት። በስሟ የሚጠራው ወንዝ ፏፏቴ ሠርቶ ቁልቁል ይወርድና ጉዞውን ወደ ዓባይ ይቀጥላል። ስሟን የያዘው ቀይ ወይን ጠጅም አገር ያወቀው ነው። በአምቦ አቅራቢያ ከሰንቀሌ የሚታሸገውና እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ የታወቀው የአምቦ ውሃ ለጉደር ቤተሰብ የጎረቤት ምንጭ ነው። ጠጁ፣ ብርዙ፣ ቆሎው፣ የወይራው መፋቂያ ሲጨመርበት በአንድ የጉደር ቤት ጥርስን የሚጠቅመውም የሚጎዳውም ጎን ለጎን ተቀምጦ ይገኛል። ስለዚህ ስለ ጉደር የምንለው ለሌላውም ከተማ ቤተሰብ የሚሆን ነው።

ሕመም የመጨረሻው ምልክት ነው

በልማድ የተቦረቦረን ጥርስ «ትል በላው» እንላለን። ይሁን እንጂ ጥርስን የሚበላ ትል የለም። ጥርስን የሚጎዱት በዓይን የማይታዩ የአፍ ውስጥ ተሐዋስያን ናቸው። እነዚህ ተሐዋስያን በጥርስ ላይ ከተጣበቀ እድፍ ውስጥ ሆነው ስኳር ሲያገኙ ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርስን ጠንካራ ሽፋን ማዕድን ቀስ በቀስ ያሟሟል። ፈጣሪ ለዚህ መከላከያ የሰጠን ምራቅን ነው። ምራቅ አሲዱን አጥቦና አለዝቦ የተወሰደውን ማዕድን መልሶ ለመተካት ይሠራል፤ ነገር ግን ሥራውን ለመፈጸም ጊዜ ያስፈልገዋል። ከምሳ ጋር አንድ ጊዜ ጣፋጭ ከሚበላ ሰው ይልቅ ቀኑን ሙሉ ከረሜላ የሚመጥ ልጅ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ደጋግሞ ፉት የሚል ሠራተኛ ይበልጥ የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር፣ ማርንም ጨምሮ፣ በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል።

የጥርስ የላይኛው ሽፋን የሕመም ስሜት የለውም። ጉድጓዱ እየሰፋ ወደ ውስጠኛው ክፍል እስኪቀርብ ድረስ ባለቤቱ አያውቅም። የድድ በሽታም እንዲሁ በዝምታ የሚጓዝ ነው። ሲፍቁ መድማት የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ሲሆን፣ ብዙ ሰው ግን ደሙን ሲያይ ድዱን መፋቅ ይተዋል። መደረግ ያለበት ተቃራኒው ነው፤ በለስላሳ ብሩሽ እድፉን በየቀኑ ማስወገድ፣ ካልተሻለም መታየት ይገባል። በሰሜኑ አገር የተለመደው የድድ ንቅሳት ጌጥነቱ እንዳለ ሆኖ የሚደማን ድድ አያድንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ የአፍ በሽታዎች 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እንደሚያጠቁና አብዛኞቹም አስቀድሞ መከላከል የሚቻሉ መሆናቸውን ገልጿል።

ከጾሙ እስከ ፍስኩ

በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ እህልና ውሃ ሲዋል ምራቅ ይቀንሳል፤ አፍም ይደርቃል። የአፍ ጠረን የሚለወጠው በዚህ ነው። ስለሆነም ማታ ከመተኛት በፊት ጥርስን ማጽዳት በጾም ጊዜ ይበልጥ ያስፈልጋል። ለሥጋ ወደሙ የሚዘጋጅ ምእመን ውሃ እንኳ ወደ አፉ ሳያስገባ ሰዓቱን ስለሚጠብቅ፣ ጾሙ ከመጀመሩ በፊት አፉን በሚገባ ቢያጸዳ መልካም ነው። ጥርስ ማስነቀል ደም የሚያፈስ ሕክምና በመሆኑም ቆራቢ የሆነ ሰው ቀኑን ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ ቢወስን ከጭንቀት ይድናል።

ፍስኩ ሲገባ ፈተናው ይለወጣል። ለልጆች የሚቀርበው ብርዝ ለአዋቂው ከሚቀዳው ጠጅ ይበልጥ ጣፋጭ ነው፤ ማሩ ገና ወደ አልኮል አልተለወጠምና። ለስላሳ መጠጥ ደግሞ ስኳርና አሲድን በአንድነት የያዘ ነው። የአምቦ ውሃ ጋዝ ቢኖረውም ስኳር የለውም፤ በጥርስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ከለስላሳ መጠጥ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። እንግዲያው የጉደር ልጅ ጥማቱን በንጹሕ ውሃ ወይም በአምቦ ውሃ አርክቶ ጣፋጩን ከማዕዱ ጋር ብቻ ቢቀምስ በዓሉም አይጎድልበት፣ ጥርሱም አይጎዳበት።

የጠርሙስ ክዳን በጥርስ መክፈት በየግብዣው እንደ ጉብዝና የሚቆጠር ጎጂ ልማድ ነው። በአንድ አፍታ የተሰነጠቀ ጥርስ እንደ ተሰበረ አጥንት ተመልሶ አይጠግንም። አጥንት መቆርጠምና ጠጠሩ ያልተለቀመ ቆሎ መብላትም ተመሳሳይ ጉዳት ያስከትላሉ። ሥጋ በጥርስ መካከል ሲገባ በሚስማር፣ በመርፌ ወይም በምላጭ መጎርጎር ድድን ያቆስላል። ስቴኪኒ እንኳ በዝግታ ካልያዙት ይወጋል፤ አስቀድሞ በውሃ መጉመጥመጥ ይሻላል።

መፋቂያና ብሩሽ

በየገበያው በሳንቲም ሲሸጥ የኖረው መፋቂያ ሊናቅ የሚገባው አይደለም። በኦሮምኛ ኤጄርሳ የሚባለው ወይራ፣ እንዲሁም ክትክታ ለዚህ አገልግሎት ከታወቁት ዕፅዋት መካከል ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም መፋቂያ ልማድ በሆነባቸው አገሮች ለአፍ ንጽሕና እንዲያገለግል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አበረታቷል። ዋናው ቁም ነገር አጠቃቀሙ ነው። ጫፉ ተኝኮ እንደ ብሩሽ መለስለስ አለበት፤ የፊት ጥርሶችን ብቻ እያብለጨለጩ መሄድ አይበቃም፤ የመንጋጋዎቹን ውስጠኛ ገጽና ድዱ ከጥርስ ጋር የሚገናኝበትን መሥመር መዳረስ ይገባል። ያረጀው ጫፍ እየተቆረጠ ይጣላል፤ አንዱን መፋቂያ ሁለት ሰው አይጠቀምበትም።

መፋቂያ የሚጎድለው ፍሎራይድ የተባለው ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን ነው። ስለዚህ ቀን መፋቂያ የሚጠቀም ሰው ማታ ከመተኛቱ በፊት በብሩሽና ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ሁለት ደቂቃ ያህል ቢቦርሽ ሁለቱንም ጥቅም ያገኛል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ትበቃለች፤ አረፋውንም እንዲተፋ ማስተማር ነው።

እዚህ ላይ በስምጥ ሸለቆ ዘመድ ያላቸው ቤተሰቦች አንድ ነገር ቢያውቁ ይጠቅማል። በወንጂና በመተሐራ አካባቢ የብዙ ሰው ጥርስ የሚበልዘው በንጽሕና ጉድለት ሳይሆን የከርሰ ምድሩ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ያለፈ ውሃ ቋሚ ጥርሱ ገና በመሠራት ላይ ያለን ሕፃን ይጎዳል። ይህን ብልዝ በአሸዋ ወይም በአመድ መፈግፈግ ሽፋኑን ከማሳሳት በስተቀር አያጠራውም።

የማይታመመውን ነቅሎ የታመመውን መተው

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው በጥርስ ጉዳይ የምንፈጽመው የተገላቢጦሽ ሥራ ነው። የአዋቂውን የታመመ ጥርስ እስኪያብጥ እንተወዋለን፤ የሕፃኑን ጤነኛ ጥርስ ግን ገና ከድዱ ሳይወጣ እናስነቅላለን።

ሕፃኑ ሲያተኩሰው፣ ሲያስመልሰው ወይም ሲያስቀምጠው ምክንያቱ «የወተት ጥርሱ» ነው ይባልና ድዱ በስለት ተቀዶ ገና ያልበቀለ ጥርስ ተፈልፍሎ ይወጣል። የወጣው ነጭ ነገርም እንደ ትል ይታያል። በእርግጥ ግን ያበጠ የመሰለው ድድ ጥርስ ሊወጣ የተዘጋጀበት ስፍራ ነው። ሕፃን በዚያ ዕድሜ የሚያስቀምጠው ከእናት ጡት ሌላ ምግብ መጀመሩና ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ማስገባቱ ተሐዋስያንን ስለሚያመጣበት ነው። መድኃኒቱ ስለት ሳይሆን ጡት ሳያቋርጡ ኦ.አር.ኤስ. መስጠትና ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ስለቱ የሚያመጣው ደም መፍሰስን፣ ቁስል ማመርቀዝን፣ መንጋጋ ቆልፍንና የኤች.አይ.ቪ. መተላለፍን ነው። ከሥር የተቀመጠው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 561 የወተት ጥርስ ማውጣትን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች መካከል ጠቅሶታል። አያቶች ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር ተነሥተው እንደሆነ እናውቃለን። ፍቅሩ ወደ ጤና ጣቢያው መንገድ ይመራ ዘንድ ነው የምንለምነው።

የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ በስድስት ወር ገደማ ብቅ ይላል። «ይወልቃል» ተብሎ ችላ ሊባል አይገባም፤ ለቋሚው ጥርስ ቦታ የሚጠብቅለት እርሱ ነውና። በስድስት ዓመት ገደማ ደግሞ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ከኋላ በኩል አዲስ መንጋጋ ይወጣል። ብዙ ወላጆች የወተት ጥርስ እየመሰላቸው ሲቦረቦር ዝም ይላሉ፤ እርሱ ግን ቋሚ ነው፤ ከጠፋ ምትክ የለውም።

ወደ አዋቂው ስንመለስ፣ በሚያመው ጥርስ ላይ አረቄ፣ ቤንዚን ወይም የባትሪ አሲድ ማድረግ አፍን ያቃጥላል እንጂ አያድንም። የእምቧይ ፍሬ ጭስም ጉድጓዱን አይደፍንም። ቅርንፉድ ለጥቂት ሰዓት ስሜቱን ያደነዝዛል፤ በሽታውን ግን በቦታው ይተወዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ ቴትራሳይክሊንም ለነፍሰ ጡርና ከስምንት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ተጨማሪ መዘዝ አለው፤ በመሠራት ላይ ያለን ጥርስ እስከ መጨረሻው ያበልዛል። ቀድሞ የታየ ጥርስ ተሞልቶ ይኖራል፤ የዘገየው ይነቀላል። ጉንጭ ወይም አንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ከተነሣ፣ አፍ መክፈት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን በዓል ነው ሳይባል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። መግሉ ወደ አንገት ከወረደ ሕይወት ያጠፋልና።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ለልጆች ብሩሽ መግዛት፣ ማታ ማታ አብሮ መፋቅ፣ ምንም ሳያም በዓመት አንድ ጊዜ መታየት ከበዓሉ ወጪ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። የጉደሯ አያትም የልጅ ልጇን አዲስ ጥርስ በጣቷ ዳብሳ «ይኸው በቀለ» ስትል፣ ደስታዋ ጥርሱን ጠብቆ በማሳደግ ይፈጸም።

በዓሉ የሰላም፣ የጤናና የሳቅ ይሁንላችሁ!