ከምራቅ እስከ ሔግ ፍርድ ቤት፦ የጤፍና የኢንዛይም ነገር

አንድ ቁራሽ ዳቦ አፋችሁ ውስጥ አድርጉና ሳትውጡ ሁለት ደቂቃ ያህል አላምጡት። ቀስ በቀስ ጣፈጥ ይላል። ስኳር የጨመረበት ሰው የለም፤ ስኳሩን የሠራው የራሳችሁ ምራቅ ነው።

ምራቅ ውስጥ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። በዳቦ፣ በእንጀራ፣ በሩዝና በድንች ውስጥ ያለው ስታርች እንደ ዶቃ የተሰካኩ የስኳር ቅንጣቶች ሰንሰለት ነው። አሚሌዝ ሰንሰለቱን ይቆራርጠዋል። ልጆች፣ በደች ትምህርት ቤት «ዜትሜል» ሲባል የሰማችሁት ይኸው ስታርች ነው፤ «ስፔክሰል» ደግሞ ምራቅ።

ምግቡ ከአፍ ወደ ጨጓራ ሲወርድ የምራቁ ሥራ ይቆማል፤ የጨጓራ አሲድ አሚሌዝን ያበላሸዋልና። በዚያ ተራው የፔፕሲን ነው፤ የሥጋውን፣ የእንቁላሉንና የሽሮውን ፕሮቲን መከፋፈል ይጀምራል። ከዚያ ትንሹ አንጀት ይቀበላል። ቆሽት አዲስ አሚሌዝና ቅባት የሚፈጭ ላይፔዝ ይልካል። ከጉበት የሚመጣው ሐሞት ደግሞ የወጡን ቅቤ እንደ ሳሙና በታትኖ ለላይፔዝ ያመቻቸዋል። በመጨረሻ የደቀቀው ምግብ በአንጀት ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ይገባል።

ምግቡ ውስጥ ምን እንዳለ በምን ይታወቃል? በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ አራት ቀላል ምርመራዎች አሉ። ስታርች ላይ አዮዲን ጠብ ሲደረግ ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል። እንደ ግሉኮስ ያለ ስኳር ከቤኔዲክት ፈሳሽ ጋር ሲሞቅ ወደ ብርቱካናማና ወደ ጡብ ቀለም ይለወጣል። ፕሮቲን በባዩሬት ወይን ጠጅ ቀለም ያወጣል። ቅባት ደግሞ ወረቀት ላይ ሲታሽ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጠብጣብ ይተዋል።

ክርክሩ እዚሁ ሔግ ነበር

አሚሌዝ በእህልም ውስጥ አለ። ዘር ሲበቅል ያከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር ለውጦ ቡቃያውን ይመግባል። ጠላ የጠመቁ እናቶች ብቅል ለምን ጣፈጥ እንደሚል ያውቁታል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። ዱቄት ውስጥ አሚሌዝ ሲበዛ ግን ሊጡ ይላላል፣ ዳቦው ውስጡ ይጣበቃል።

ስለዚህ የዱቄት ባለሙያዎች «የመውደቂያ ቁጥር» የሚባል ምርመራ አላቸው። 7 ግራም ዱቄት ከ25 ሚሊ ሊትር ውኃ ጋር በቱቦ ይበጠበጥና የፈላ ውኃ ውስጥ ይገባል። ተማስሎ ገንፎ ሲሆን ማማሰያው ይለቀቃል፤ እስኪሰምጥ ድረስ ያለው ሰከንድ ይቆጠራል። አሚሌዝ ከበዛ ገንፎው ይቀጥናል፣ ማማሰያው ቶሎ ይወድቃል፣ ቁጥሩም ያንሳል።

ይህ ቁጥር ነው ጤፍን ፍርድ ቤት ያደረሰው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በ2003 የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን እንደ ራሱ ፈጠራ ለማስመዝገብ አመለከተ፤ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። ፓተንቱ የመውደቂያ ቁጥሩ ቢያንስ 250 የሆነ የጤፍ ዱቄትን የሚመለከት ነበር። ቁጥሩን ከፍ ለማድረግ የቀረበው አንዱ ዘዴ ደግሞ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት አሳርፎ መፍጨት ነው። ጤፍን በጎተራ አቆይቶ ማስፈጨት ለአገራችን ገበሬ መቼ አዲስ ሆኖ ያውቃል!

ያ ኩባንያ በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር የጥቅም መጋራት ስምምነት ቢፈርምም በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ተላለፈ። አዲሱ ባለቤት የጤፍ ምርት የሚሸጥ ሌላ ድርጅትን ሔግ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ኅዳር 12 ቀን 2011፣ በፈረንጆች ኖቬምበር 21 ቀን 2018፣ ፓተንቱ የፈጠራ ሐሳብ የለበትም ብሎ ውድቅ አደረገው። ፍርዱ የሚጸናው በኔዘርላንድስ ብቻ ቢሆንም ለኢትዮጵያውያን ትልቅ ደስታ ነበር።

ጤፍ ለምን ይህን ያህል ተፈለገ? ከሔግ ብዙ በማይርቀው የላይደን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ያሉ ተመራማሪዎች በ2005 የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው፣ የሴሊያክ ሕመምተኞችን የሚጎዳው ግሉተን እንደሌለባቸው አሳትመዋል። የሴሊያክ ሕመምተኛ ስንዴ ሲበላ ትንሹ አንጀቱ ይጎዳል፤ ጤፍ ለእንዲህ ያለው ሰው ሌላ ምርጫ ሰጠው። ቤታችሁ ሴሊያክ ያለበት ሰው ካለ ግን አስተውሉ፤ በሱቅ የሚሸጥ እንጀራ ስንዴ ወይም ገብስ ሊቀላቀልበት ስለሚችል ሳትጠይቁ አትግዙ።

እስቲ ቤት ሞክሩት

ከወላጅ ጋር ሆናችሁ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በአንድ ብርጭቆ ውኃ አፍሉና ለብ እስኪል አቀዝቅዙት። በሦስት ስኒዎች ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅዱ። የመጀመሪያውን ተዉት። ሁለተኛው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ምራቅ ጨምሩ። ሦስተኛው ላይ መጀመሪያ አንድ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ ቀጥሎ ያንኑ ያህል ምራቅ። 15 ደቂቃ ጠብቁና በእያንዳንዱ አንድ ጠብታ የቁስል አዮዲን ጣሉ። የመጀመሪያውና ሦስተኛው ይጠቁራሉ፤ ሁለተኛው ግን ብዙም አይጠቁርም፣ ምራቁ ስታርቹን በልቶታልና። ኮምጣጤው የጨጓራን አሲድ ሥራ ሠራ ማለት ነው። ስኒዎቹን አትቅመሱ፤ ይዘቱን ደፍታችሁ በደንብ እጠቡ። አዮዲን ልብስ ያበላሻልና ሽርጥ አድርጉ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ስለ ኢንዛይም ተምሮ ሲመጣ ስለ ብቅልና ስለ ጎተራ ንገሩት። በክፍሉ ሲጠየቅ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል፤ በ2007 ይህን የሚናገር ሰው ቢኖር ኖሮ ጥሩ ነበር።