የኢርፎን ሆድ ዕቃና ዋጋው

ሙንድሮፕ የሚባል የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ቹ የተሰኘ ባለገመድ ኢርፎን በ20 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የጀርመኑ ዜንሃይዘር አይኢ 900 የተባለውን በ1,300 ዶላር አውጥቶ ነበር። ሁለቱም ጆሮ ውስጥ የሚሰኩ፣ ሁለቱም በእያንዳንዱ ጆሮ አንድ ስፒከር ብቻ ያላቸው ናቸው። እንዲያውም የርካሹ ስፒከር 10 ሚሊ ሜትር ሲሆን የውዱ 7 ብቻ ነው። መሀል ላይ ያለው 1,280 ዶላር የት ገባ?

አንድ ያረጀ ኢርፎን ያለው ሰው መጋጠሚያውን በስለት ፈልቅቆ ማየት ይችላል። ከውስጥ የሚወጣው የሸሚዝ ቁልፍ የሚያክል ክብ ነገር ነው፤ ስፒከሩ ማለት ነው። እሱም ሲከፈት ትንሽ ግን ኃይለኛ የኒዮዲሚየም ማግኔት፣ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ጥቅልልና ጥቅልሉ የተጣበቀበት ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ይገኛል። ከስልኩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በጥቅልሉ ሲያልፍ ማግኔቱ አንዴ ይስበዋል፣ አንዴ ይገፋዋል። ሽፋኑም አብሮ በሴኮንድ መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ እየተርገበገበ አየሩን ይነቀንቃል፤ እኛም ጥላሁንን ወይም አስቴርን እንሰማለን። የደቡብ ቻይና ፋብሪካዎች ይህን ዕቃ በሚሊዮን ስለሚያመርቱት በጅምላ ከ1 ዶላር ባነሰ ይገኛል። ቀፎው፣ ገመዱና የላስቲክ ጫፉ ቢደመሩበትም የተራ ኢርፎን ዕቃ ጥቂት ዶላር ነው።

እዚህ ላይ ቆሞ «ይህማ ዘረፋ ነው!» ማለት ይቀላል፤ ያሉም ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ አሜሪካዊ መሐንዲስ 200 ዶላር ገደማ የሚሸጠውን የቢትስ ሄድፎን ፈታትቶ የዕቃው ዋጋ 17 ዶላር ግድም ነው ሲል ጻፈ። ውስጡ ያሉት የብረት ቁርጥራጮችም ለክብደት ብቻ የገቡ ናቸው ብሎ ጨመረበት። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ጉዱ የመጣው በኋላ ነው፤ የፈታው ሄድፎን ራሱ ተመሳስሎ የተሠራ ኖሯል። ትክክለኛውን ገዝቶ ቢፈታው ግን ብረቱ እዚያም አለ፤ የዕቃው ግምትም ከመጀመሪያው ብዙ አልራቀም። እውነተኛውና ሐሰተኛው በሆድ ዕቃቸው ይህን ያህል ከተቀራረቡ፣ የሁለት መቶ ዶላሩ ነገር ከዕቃው ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

ከፊሉ በሂደቱ ውስጥ ነው። ቀፎው የሚወጣበት የብረት ሞልድ ብቻውን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈጃል፤ ያ ወጪ ለአንድ ሺህ ኢርፎን ሲካፈልና ለአንድ ሚሊዮን ሲካፈል አንድ አይደለም። ከዚያ አከፋፋዩ አለ፣ ቸርቻሪው አለ፣ ተበላሽቶ የሚመለሰው አለ፣ ማስታወቂያ አለ። በንግዱ ውስጥ ያሉ ሰዎች የማምረቻ ወጪውን በአራት ወይም በአምስት አባዝቶ መሸጥን እንደ ጤናማ ስሌት ያዩታል። አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ማጓጓዣው፣ ቀረጡ፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስና የምንዛሪው ነገር ይከተላል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ድምፁን የመቃኘት ሥራ ነው። የጆሯችን ቀዳዳ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት አለው፤ ክፍት ሆኖ ሳለ በ3,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ በተፈጥሮው ያጎላል። ኢርፎን ስንወትፍበት ይህ ጉልበት ይዛባል። ስለዚህ ሠሪው የጠፋውን መልሶ ማስገባት አለበት፤ ከበዛ ድምፁ ጆሮ ይበሳል፣ ካነሰ ዘፋኙ ከግድግዳ ጀርባ ያለ ይመስላል። ይህ የሚስተካከለው በምንድን ነው? ቀፎው ላይ በሚበሱ የመርፌ ጫፍ በሚያካክሉ ቀዳዳዎችና በላያቸው በሚለጠፍ የወንፊት ቁራጭ ነው። ወንፊቱ ሳንቲም አያወጣም። የትኛው ወንፊት የት ይለጠፍ የሚለውን ለማወቅ ግን ወራት ይፈጃል፤ የግራውና የቀኙ ስፒከርም ተለክተው መመሳሰል አለባቸው።

ቀድሞ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሰው ሠራሽ ጆሮ በውድ ዋጋ ከአውሮፓ የሚመጣ መሣሪያ ነበር። አሁን ቻይና ርካሽ አምሳያዎቹን ስለምትሠራ ትንንሽ አምራቾችም፣ ቤታቸው የተቀመጡ አማተሮችም ይለካሉ። ሃያ ዶላሩን ጠንካራ ያደረገው ይህ ነው። ጄሮን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 የ283 ሄድፎንና ኢርፎን ልኬት ከዋጋቸው ጋር አስተያይቶ፣ የድምፁ ሚዛን ከዋጋው ጋር ዝምድና እንደሌለው አሳይቷል።

ታዲያ ዜንሃይዘር በ1,300 ዶላሩ ምን ሰጠ? ቀፎው ከደፍን አሉሚኒየም ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ ድምፁ በሚያልፍበት መንገድ ላይም የማይፈለገውን ንዝረት የሚውጡ ሦስት ጥቃቅን ጎድጓዳዎች ተቀርጸዋል። የሚሠራውም ጀርመን ነው። ይሁንና ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 የዚያኑ ቤተሰብ 7 ሚሊ ሜትር ስፒከር በፕላስቲክ ቀፎ አድርጎ አይኢ 200 በሚል ስም በ150 ዶላር አወጣ። በእኔ አስተያየት ከ50 ዶላር በላይ የሚከፈለው አብዛኛው ገንዘብ ለብረቱ፣ ለሀገሩና ለስሙ ነው። ያንን ወዶ የሚከፍል ሰው አልተታለለም፤ ድምፅ ገዛሁ ካለ ግን ይከራከሩታል።

ርካሹም ቢሆን የሆነ ቦታ ቆጥቧል። የቹ ገመድ አይነቀልም፤ ከተበጠሰ አለቀ። በአንጻሩ አብሮት የሚመጣው የላስቲክ ጫፍ ለብቻው ሲሸጥ ከ10 ዶላር በላይ የሚያወጣው ጥሩው ዓይነት ነበር። በዓመቱ ቹ 2 ሲወጣ ገመዱ ተነቃይ ሆነ፤ ያ ጥሩ ላስቲክ ግን ከካርቶኑ ጠፋ።

ለመድረክ ሙዚቀኞች የሚሠራው ሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ጄሪ ሃርቪ የተባለ የድምፅ ባለሙያ ለቫን ሄለን ባንድ የጀመረው ሥራ የሙዚቀኛውን ጆሮ ቅርጽ እየወሰደ ቀፎውን በልኩ መሥራት ነበር። በእንዲህ ያሉት ውስጥ የሚገቡት ስፒከሮች ለመስሚያ መርጃ መሣሪያ የሚሠሩት ዓይነት ናቸው፤ እጅግ ደቃቅ በመሆናቸው ከተራዎቹ ብዙ እጥፍ ይወደዳሉ። በአንድ ጆሮ ስድስት ስምንት ሲደረደሩ ዋጋው ቢሰቀል አይፈረድም።

ገመድ አልባዎቹ ላይ ደግሞ ቺፕ፣ ባትሪ፣ ማይክሮፎንና የቻርጅ ሣጥን ስለሚጨመሩ ለስፒከሩ የሚተርፈው ድርሻ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በ159 ዶላር የወጣውን የመጀመሪያውን ኤርፖድ አይፊክስኢት የተባለው የጥገና ድርጅት ፈትቶት ለመጠገን ካለው አመቺነት ከአሥር ዜሮ ሰጥቶታል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ባትሪው ሲደክም ስፒከሩ ደህና ሆኖ ሳለ ዕቃው ይጣላል።

ባሱ ጠፋ ብሎ ሌላ ለመግዛት የሚነሣ ሰው ግን መጀመሪያ ላስቲኩን ቢቀይር ይሻላል። ጆሮ በደንብ ካልተደፈነ ባስ በክፍተቱ ያመልጣል፤ የ1,300ውም የ20ውም እኩል ይሰልላሉ። ካርቶኑ ውስጥ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጫፍ አለ፤ ብዙው ሰው ፋብሪካው የሰካለትን መካከለኛ ሳይነካ ይኖራል። ለግራና ለቀኝ ጆሮው የተለያየ ቁጥር የሚያስፈልገውም አለ።